አዳማጭዋ ትርንጎ

የትርንጎን ሞት ማንም አልደበቀኝም። ዘመዷ አይደለሁማ! ከኮላ ድባ ጤፍ ጭኖ የመጣ ደንበኛዬ ለልጆቹ የደንብ ልብስ ጨርቅ እያስቆረጠ፣ መቀሱ እጄ ላይ እንዳለ፣ “ያች የመሪጌታ ልጅ፣ ያች የምታዳምጠዋ፣ አዲ አርቃይ ላይ ወባ ገደላት አሉ” አለኝ። ወዲያው ደግሞ፣ “ይኸ ጨርቅ ቀለም ይለቃል?” አለ።

“በመጀመሪያው አጠባ ትንሽ ይለቃል” አልኩት።

ከባለሱቅ እንዲህ ያለ መልስ ጠብቆ ስለማያውቅ ቀና ብሎ አየኝ። ይህን የሚያከስር ጠባይ ያስያዘችኝ እሷ ናት።

ሱቄን ዘግቼ ቤት ገባሁና ለባለቤቴ ለዘይነብ ነገርኳት። ዘይነብ ራሷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ እንባ ቶሎ አይመጣልኝም። ግን ትርንጎ ከእኛ ቤት ከወጣች ጀምሮ፣ አንድ ሰው ሱቄ ውስጥ አግዳሚው ላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ እጄ ሥራ ይፈታል። ዞር ብዬ ማየት እፈራለሁ። ሰውየው ከዝናብ የተጠለለ ምስኪን ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የሚጠብቀኝ ይመስለኛል።

ትርንጎ ወደ እኛ የመጣችው ቤት ልትከራይ ነው። ጎንደር፣ አዲስ ዓለም ካለው ግቢያችን በስተኋላ አንዲት ክፍል አለችን። ሠላሳን ዘለል ያለች፣ ቀጠን ያለች ሴት፣ አንድ ፍራሽና አንድ ጆንያ መጽሐፍ አስይዛ መጣች። ኮላ ድባ አስተማሪ ነበረች፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትማር ነው።

“ምንድን ነው የምትማሪው?” አልኳት።

“ሳይኮሎጂ ነው፤ የምክር አገልግሎት።”

“እንግዲያው ከመግባትሽ በፊት አንድ ነገር ምከሪኝ። ሱቁን ላስፋው ወይስ ይቅርብኝ?”

“እኔ አልመክርም አያ ኑሩ።”

ዘይነብ ከውስጥ ሰምታ ኖሮ ማታ፣ “አልመክርም ካለች ምክር መማሯ ለምኗ ነው?” አለችኝ። “እኔ ምን አውቄ” አልኳት። “ኪራዩን እስከከፈለች ድረስ ዝም ማለትም ትማር።”

እውነትም ዝም ማለት ነበር የምትማረው። እኔ መንገድ ላይ ነው የተማርኩት፤ ከአባቴ ሱቅ ሌላ ትምህርት ቤት አላየሁም። ስለዚህ የሷን ትምህርት የምናገረው እኔ እንደገባኝ ነው። ሳይኮሎጂ እንደ ገበያ ብዙ ተራ አለው አለችኝ። የሷ ተራ ሰብአዊ የሚሉት ነው። እዚያ ተራ ያሉት ሰዎች የሚያምኑት፣ ሰው የተበላሸ ዕቃ አይደለም፤ መንገዱን ራሱ ያውቀዋል፤ ጎኑ የሚቀመጥና ከልቡ የሚያዳምጠው ካገኘ ራሱ ይነሣል፣ ነው። ለዚህ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ አዳማጩ ማስመሰል የለበትም። ሁለተኛ፣ የመጣውን ሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል አለበት። ሦስተኛ፣ የሰውየውን ስሜት እንደ ራሱ መረዳት አለበት።

“አንደኛውን እኔ ብሠራበት ሱቄ በሳምንት ይዘጋል” አልኳት። “ያለ ቅድመ ሁኔታ የምቀበለው ደግሞ ጥሬ ብር ብቻ ነው።”

“ሦስተኛውንስ?”

“ሦስተኛውን ከእናንተ በፊት እናውቀዋለን። ሰውየው ስንት እንደያዘና ጨርቁን ምን ያህል እንደፈለገው ካላወቅሁ ምኑን ነጋዴ ሆንኩት?”

ሳቋ አጭር ነበር፤ በአፍንጫዋ ነው የምትስቀው። “እንግዲያው ግማሹን ጨርሰዋል” አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ስትመለስ ቅዳሜ ገበያ ዳር ያለው ሱቄ ጎራ ትላለች። ባንኮኒው ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ የሷ ሆነ። ስታዳምጥ ስልኳን አጥፍታ ከጭኗ ሥር ታደርጋለች። ሰው ፊት ለፊት ሲገጥሙት ይደነግጣል እያለች ትንሽ ወደ ጎን ዞር ትላለች። የነጠላዋን ጫፍ በሁለት ጣቷ ይዛ ዝም ትላለች። ተናግረህ ከጨረስክ በኋላም ዝም ትላለች። አደገኛው ያ ሁለተኛው ዝምታ ነው፤ ሰው የቋጠረውን የሚፈታው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ የተናገርከውን መልሳ ትሰጥሃለች። አንድ ቀን፣ “ገበያው ሞቷል፣ መብራት ጠፍቷል፣ አዲስ አበባ ያለው ልጄ ስልክ አያነሣም፣ አይጥ ጣቃውን በላችብኝ” ብዬ አማረርኩ። ዝም ብላ ቆየችና፣ “ልጅዎ ስልክ ባለማንሣቱ ተከፍተዋል” አለችኝ። ከአራቱ ያንን እንዴት እንደመረጠችው አላውቅም። ሆዴ ባባ።

“የራሴን ጨርቅ መልሰሽ ለእኔው ትሸጪልኛለሽ?” አልኳት እንዳያስታውቅብኝ።

“ልክ ነው ግን የለካሁት?”

“ልክ ነው” አልኳት።

ለንግዴም ጠቅማኛለች፤ አልክድም። አንዲት የጭልጋ ሴት የገዛችውን ጨርቅ ልትመልስ እየተቆጣች መጣች። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ነበር። ትርንጎ አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችላት። ሴትዮዋ ስለ ጨርቁ ጀምራ ስለ ባሏ ቀጠለች፣ ስለ ሞተች እኅቷ አልቅሳ ጨረሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ፣ ሁለታችንንም መርቃ፣ ጨርቋን ይዛ ሄደች። መመለሱን ረስታዋለች። ያን ቀን ለትርንጎ ምሳ ጋበዝኳት።

“አላደረግሁትም እኮ ለእርስዎ ብዬ” አለች።

“እኔም ምሳውን ያለ ቅድመ ሁኔታ ነው የጋበዝኩሽ።”

አባቷ መሪጌታ ኮላ ድባ አጠገብ ባለ ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር። የሷን ትምህርት አልወደዱላትም። “ንስሐ አባት ሳትሆኚ የሰው ኃጢአት ተሸክመሽ የት ልታደርሽው ነው?” ይሏት እንደነበር ራሷ እየሳቀች ነግራኛለች። የመመረቂያ ጽሑፏ ግን ከአባቷ ደጃፍ የተነሣ ነበር፤ ከቤታቸው ርቀው ቆሎ የሚቆረጥሙ የአብነት ተማሪዎች ሆድ ሲብሳቸው ለማን እንደሚናገሩ። ለማንም አይናገሩም። እሷ ግን እየዞረች ታዳምጣቸው ነበር።

ጽሑፏ አልቆ፣ መምህራኖቿ ፊት ቆማ የምትከራከርበት፣ ዲፌንስ የሚሉት ቀን ሲቀርብ፣ አንድ ጠዋት አጎቷ አያ ደምሌ ሱቄ መጣ። አያ ደምሌ የመሪጌታ ታናሽ ነው፤ የቆየ ደንበኛዬ። ዓይኑ ቀልቷል።

“ወንድሜን ሆስፒታል አስተኛሁት” አለኝ። “ሳንባው ነው። ልጅቱ እንዳትሰማ።”

“ምነው አያ ደምሌ? እዚሁ ከተማ ሆና?”

“ከሰማች ትምህርቱን ጥላ አልጋው ሥር ትቀመጣለች። እሱ ራሱም አይሆንም ብሏል። የሐሙስ ፈተናዋን ትለፍ። አደራ ኑሩ።”

በእኛ አገር ክፉ ወሬ እንደ ሸቀጥ በር ላይ አይጣልም። የታመመው ይደበቃል፣ የሞተውም ይደበቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ በወግ ይነገራል። የሚፈተን ሰው ሲሆን ደግሞ ሰፈር ሁሉ አፉን ይሰፋል። ስለዚህ እሺ አልኩ። ዛሬም ቢመጣብኝ እሺ የምል ይመስለኛል።

ችግሩ የምንደብቀው ከማን እንደሆነ ነበር። ልምምድ የምትወጣው እዚያው ሆስፒታል ነው፤ በሽተኛ ጎን ተቀምጣ ታዳምጣለች። አያ ደምሌ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ባየ ቁጥር ጋቢውን መሪጌታ ፊት ላይ ይጥላል።

“አፈንከኝ እኮ!” ይላሉ መሪጌታ።

“ይታፈኑ። ልጅቱ ልትመረቅ ነው።”

ዘይነብ ሙቅና የጾም ወጥ ትወስድላቸው ነበር። “ሙቅሽ ሸጋ ነው ወይዘሮ ዘይነብ” አሏት አንድ ቀን። “ከተረፍኩ ድጓ አስተምርሻለሁ።”

“ይትረፉ እንጂ ሌላው ይቅርብኝ” አለቻቸው።

አልተረፉም። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ አረፉ። አያ ደምሌ አስከሬኑን መኪና ላይ ጭኖ ሲወጣ ደወለልኝ፤ ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ኮላ ድባ ነው፣ ትርንጎን ዓርብ ጠዋት መጥተን እናረዳታለን፣ እስከዚያ አደራ።

ስልኩን ዘግቼ ብዙም አልቆየሁም፤ ትርንጎ መጣች። በዚያ ሰዓት መጥታ አታውቅም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ስልኳን አጥፍታ ከጭኗ ሥር አደረገች፣ ወደ ጎን ዞር አለች። እኔ አንድ ጣቃ አውርጄ ማጠፍ ጀመርኩ። የታጠፈ ነበር፤ ፈትቼ መልሼ አጠፍኩት።

“አያ ኑሩ፣ ዛሬ ምን ሆነዋል?” አለችኝ።

“ግብር ነው” አልኳት። “የግብር ሰዎች መጥተውብኝ።”

ዝም አለች። ከዚያ፣ “ከብዶዎታል” አለች።

“ከብዶኛል” አልኩ። እሱስ እውነት ነበር።

አልሄደችም። ደንበኛ መጣ፣ ሸጥኩ፣ ሄደ። ሌላ መጣ። እሷ ነጠላዋን በሁለት ጣቷ እንደያዘች ናት። ዙሁር ልሰግድ ስወጣ፣ ስመለስ እንደማላገኛት ተስፋ አድርጌ ነበር። ተመለስኩ፤ እዚያው ናት። ውሃ አቀረብኩላት፣ ጠጣች። ስለ ዲፌንሱ ጠየቅኋት፣ ዝግጁ ነኝ አለች። ሆዴ ውስጥ ያለው ነገር እስከ ጉሮሮዬ እየመጣ ይመለስ ነበር፤ እኔም ዋጥ አደርገው ነበር። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ተነሣች።

“በቃ፣ ልሂድ አያ ኑሩ” አለች።

በማግሥቱ ለዲፌንሷ ስትወጣ ዘይነብና እኔ ከግቢው በር ላይ ቆመን ነበር። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ለብሳዋለች። ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ወዲያው ለየሁት።

“ምነው ልጄ፣ ነጠላሽን ዘቀዘቅሽው?” አለቻት ዘይነብ።

ትርንጎ ጎንበስ ብላ አየችው። “ኧረ! በጥድፊያ ነው” አለችና አስተካክላ ለበሰችው። እኛን ለማረጋጋት ፈገግ አለች፤ ሄደች። መምህራኖቿ አመሰገኗት አሉ።

ዓርብ ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎቹ መጡ። አረዷት። ጮኸች፣ ወደቀች፣ ደረቷን መታች፤ ሁሉም በቦታው ነበር። አያ ደምሌ ትከሻዋን ይዞ፣ “ለአንቺ ብለን ነው ልጄ” ሲላት፣ “አውቃለሁ አያ ደምሌ፣ ደክመውልኛል” አለችው። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ እንዲህ ያለች ጨዋ ልጅ አየን ብለው ተደነቁ።

የአባቷ አርባ ካለፈ በኋላ አዲ አርቃይ ሥራ አገኘች፤ ከቤት ንብረታቸው ተፈናቅለው የመጡ ሰዎችን ልታዳምጥ። ዕቃዋን የምትጭንበት ቀን ሱቄ መጥታ ተሰናበተችኝ። አልተቀመጠችም፤ ባንኮኒውን ተደግፋ ቆመች።

“አባቴን አግኝቻቸዋለሁ” አለችኝ።

“የት?”

“ሆስፒታል። በገቡ በማግሥቱ። ኮሪደር ላይ ሳልፍ ሳላቸውን ሰማሁ። ድጓ ሊጀምሩ ሲሉ የሚያስሉትን ሳል የማላውቀው ይመስልዎታል?”

አያ ደምሌ ማለዳ ኪዳን ሊያደርስ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ እሷ ትገባ ኖሯል። እግራቸውን ታሻለች፤ እሳቸው ያወራሉ፣ እሷ ታዳምጣለች። “ደምሌ ምስኪን፣ በአንቺ ምክንያት እንቅልፍ አጥቷል። ማወቅሽን ከሰማ ያፍራል፤ እንዳይሰማ” አሏት። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ተባብረው ደባቂውን ደበቁት።

“ለእርስዎም አደራ ነው” አለችኝ። “አያ ደምሌ እንዳይሰማ።”

“ረቡዕስ?” አልኳት።

“ረቡዕ ስገባ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቷል። አንሶላው ተቀይሯል።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያማ ወደ እርስዎ መጣሁ።”

ጣቃዎቹን አየሁ። የሚታጠፍ ነገር ፈለግሁ፤ ሁሉም ታጥፏል።

“ምነው ታዲያ አባቴ ሞቱ ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም? ምነው ተሳፍረሽ አልሄድሽም? ኮላ ድባ እኮ ቅርብ ነው፣ ትደርሺ ነበር!”

“ጠየቅሁዎ። ዛሬ ምን ሆነዋል አልኩዎ።”

“ግብር ነው አልኩሽ።”

“ግብር ነው አሉኝ” አለች፣ እንደ ልማዷ፣ ምንም ሳትጨምርበት።

ቀጥላ፣ “ሳይነገረኝ ቀብሩ ላይ ብደርስ ሁላችሁን ማዋረድ ነው” አለችኝ። “የአባቴንም አደራ ማፍረስ። የሚነግረኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ። እርስዎ ላይ ቃሉ ደርሶ አየሁት፣ ጉሮሮዎ ላይ። ቃል ከሰው አፍ አይነጠቅም፤ ራሱ እንዲወጣ ነው የሚጠበቀው፤ እንደዚያ ነው የተማርኩት። ይህ ደንበኛ ሲሄድ ይነግረኛል፣ ሰግዶ ሲመለስ ይነግረኛል እያልኩ ስጠብቅ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።” በአፍንጫዋ ሳቀች፤ ያን ሳቅ ባልሰማሁት። “አብዝቼ ተምሬያለሁ መሰለኝ አያ ኑሩ።”

እኔም የራሴን አብዝቼ ተምሬ ነበር። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች አንዲት ባንኮኒ መሀላቸው አድርገው፣ አንዱ በወጉ፣ አንዷ በትምህርቷ፣ እኩል ዝም እንደተባባሉ አንድ ሽማግሌ ተቀበሩ። ትከሻዬን ስማኝ ሄደች። ዳግመኛ አላየኋትም።

ከዚያ ወዲህ ነው ሰው ሳይጠይቀኝ መናገር የጀመርኩት። ጨርቁ ይኮማተራል እላለሁ፣ ቀለሙ ይለቃል እላለሁ። ዘይነብ አበድክ ትለኛለች። አግዳሚውንም አንድ ሰሞን አውጥቼው ነበር፤ ቦታው ባዶ ሲሆን ባሰብኝና መለስኩት።

እንግዲህ የሷን ሞት በሰማሁ በማግሥቱ ዘይነብና እኔ ኮላ ድባ ለቅሶ ሄድን። አያ ደምሌ ድንኳኑ ውስጥ አርጅቶ፣ አንሶ ተቀምጧል። ጎኑ ቦታ ሰጠኝ። ሰዉ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ በለሆሳስ ያወራል። አያ ደምሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

“ኑሩ፣ አንድ ነገር ነው የሚበላኝ” አለ። “ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ፣ ልጁ እዚያው በሩ ላይ እየተመላለሰች፣ እኔ ጋቢ እየጣልኩ ከለከልኳት። ዓይኑን ሳታይ ሞተ። አሁን እሷም ሞተች። ይቅርታ የምለው ሰው የለኝም። በምን ልተኛ?”

አደራ ነበረብኝ። ግን አባትና ልጅ የፈሩለት እፍረት ነበር፤ አሁን ይህን ሰውዬ የያዘው ሌላ ነገር ነው።

“አግኝታቸዋለች አያ ደምሌ” አልኩት።

ነገርኩት፤ ሳሉን፣ ኪዳኑን፣ እግር ማሸቱን፣ መሪጌታ ያሉትን። አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ።

“እኔ ጋቢውን ስጥልበት እሱ ያውቃል?”

“ያውቃሉ።”

“አፈንከኝ እያለኝ?”

“አዎ።”

“ወይ ወንድሜ! ተጫወተብኝ እኮ!” ብሎ ሳቀ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። እንባው በጉንጩ እየወረደ ሳቀ፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ። በጋቢው ፊቱን ጠረገ፤ ትንፋሹ ረጋ አለ። ጥሩ ሠራሁ አልኩ በልቤ።

ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ።

“ቆይ” አለ። “ካወቀች፣ አልጋው ላይ ካጣችው፣ ረቡዕ ዕለት ጎንደር ነበረች። ከቀብሩ ምነው ቀረች?”

በክፋት አልነበረም የጠየቀኝ። ጠየቀና ዝም አለ፤ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። አንድ ሰው ማዕድ ይዞ መጣ፣ ሁለታችንም እጃችንን አልዘረጋንም፣ አለፈን።

“ያን ቀን ሱቄ መጥታ ነበር” አልኩት።